የተለጠፈ ዋጋና የታወቀ ዋጋ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ስላለው የሕክምና ዋጋ ግልጽነትና ውድድር፣ ለማኅበረሰብ ተሟጋቾችና ለሕግ አውጪዎች ረዳቶች የቀረበ ንግግር




አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው ከሕክምናው በፊት ነው። ካርድ ሲያወጣ ይከፍላል። ሐኪሙ የደም ምርመራ ሲያዝለት ወረቀቱን ይዞ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሄዳል፤ ስንት እንደሆነ ይነገረዋል፤ ከፍሎም ደረሰኙን ለላቦራቶሪው ያሳያል። ገንዘቡ ካልበቃው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ «ከእነዚህ የትኛው ይቅደም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወይም ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ዋጋ ያነጻጽራል። ይህ አሠራር እንደ አርአያ የሚቀርብ አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ያልያዘውን ሕመምተኛ ከበር ይመልሳልና። አንድ በጎ ነገር ግን አለው፤ ታካሚው ዋጋውን ሳያውቅ ዕዳ ውስጥ አይገባም።

ያው ሰው ሚኒያፖሊስ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጥበታል። የመድን ካርዱን ያሳያል፤ ቅጾች ይፈርማል፤ ይታከማል፤ ወደ ቤቱም ይመለሳል። ስለ ዋጋ ያነሣ ሰው የለም። ከሳምንታት በኋላ ፖስታዎች ይመጡ ጀመር። አንደኛው ከሆስፒታሉ ነው፤ ሁለተኛው ምስሉን ካነበበው ሐኪም ነው፤ ሦስተኛው ከመድን ድርጅቱ ሲሆን በግልጽ ፊደል «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። የትኛውን መክፈል እንዳለበት፣ ቁጥሩስ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው አያገኝም። ወዲያ ያለው በሽተኛ ዋጋውን ያውቃል፣ ገንዘቡ ያጥረዋል፤ ወዲህ ያለው ሕክምናውን ያገኛል፣ ዋጋውን የሚሰማው ግን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር አጭር ነው። የሕክምና ዋጋ ይፋ ሆነ የሚባለው ከፋዩ ከመወሰኑ በፊት ሲያውቀው፣ ሲያውቀውም ሌላ መሄጃ ሲኖረው ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ፣ የተለጠፈው ዋጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የቀረ ወረቀት ይሆናል።

ሕጉ ምን አዘዘ?

ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአሜሪካ የሚገኝ እያንዳንዱ ሆስፒታል ዋጋውን በሁለት መንገድ እንዲያሳውቅ በፌዴራል ደንብ ታዟል። የመጀመሪያው በኮምፒውተር የሚነበብ ፋይል ነው፤ በዚህ ፋይል ውስጥ ሆስፒታሉ በመዝገቡ የያዘው ሙሉ ዋጋ፣ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው የሚቀነሰው ዋጋ፣ ከየመድን ድርጅቱ ጋር በድርድር የተቆረጠው ዋጋ ሁሉ ይሰፍራል። ሁለተኛው ለተራው ሰው የሚሆን ነው፤ ታካሚው አስቀድሞ ቀጠሮ ሊይዝባቸው የሚችሉ 300 አገልግሎቶች ዋጋቸው በሚገባ ቋንቋ እንዲቀመጥ ያዛል። የሆስፒታሎች ማኅበር ደንቡን ለማስቆም ክስ መሥርቶ ነበር፤ በዋሽንግተን ዲ.ሲ. የሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በታኅሣሥ 2020 ደንቡን አጸናው።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጣቱ በቀን 300 ዶላር ብቻ ነበር። ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል ይህ ገንዘብ ከቁብ የሚገባ አልነበረም። ከ2022 ጀምሮ ቅጣቱ በአልጋ ብዛት የሚሰላ ሆነ፤ ከ550 አልጋ በላይ ያለው ሆስፒታል በቀን እስከ 5,500 ዶላር፣ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የመድን ድርጅቶችም በድርድር የቆረጧቸውን ዋጋዎች እንዲያወጡ ተገደዱ።

ሌላው ሕግ ድንገተኛ የክፍያ መጠየቂያን የሚከለክለው ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 2022 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መድን የሌለው ወይም መድኑን ሳይጠቀም ራሱ የሚከፍል ታካሚ ቀጠሮ ሲይዝ፣ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይሰጠዋል። የመጣበት ሒሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ በ120 ቀናት ውስጥ አቤት ሊል ይችላል። ለመድን ባለቤቶች ግን ተመሳሳይ ቅድመ መግለጫ በሕጉ ቢታዘዝም አፈጻጸሙ ሲንከባለል ቆይቷል። እናም ከፍተኛውን ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍለው ሰው ስለ ዋጋ የመጨረሻው ሰሚ ሆኖ ይቀራል።

ላም አለኝ በሰማይ

በወረቀት ላይ ሲታይ ግልጽነቱ ሙሉ ነው። በተግባር ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ዓይነት ነው። ፋይሎቹ እጅግ ግዙፍ ናቸው፤ የተጻፉትም በሕክምና ኮድ ነው። ከእነርሱ የሚጠቀሙት ተመራማሪዎች፣ የመድን ድርጅቶችና ራሳቸው ሆስፒታሎቹ ናቸው። ለታካሚ ተብሎ የተዘጋጀው የዋጋ መገመቻም የመድን ቁጥርና የአገልግሎቱን ትክክለኛ ስም ይጠይቃል፤ በመጨረሻም «ይህ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም» ብሎ ያሰናብታል።

አንድ ምሳሌ ይታሰብ። በሴንት ፖል የሚኖር አንድ የታክሲ አሽከርካሪ ጉልበቱን ታሞ ኤም አር አይ እንዲነሣ ታዘዘ። መድን አለው፤ ነገር ግን መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚሸፍነው፣ በተለምዶ ዲዳክቲብል የሚባለው ገንዘብ ብዙ ሺሕ ዶላር ነው። ስለዚህ መድን ቢኖረውም የምርመራውን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ራሱ ነው። ሐኪሙ የላከው ወደ ሆስፒታሉ የምስል ክፍል ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ራሱን የቻለ የምስል ማእከል አለ፤ ማሽኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ምስሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን ከሆስፒታሉ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። በሆስፒታሉ ውስጥ እንኳ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ዋጋ መድኑ ከተደራደረው ዋጋ የሚያንስበት ጊዜ አለ። አሽከርካሪው ይህን ቢያውቅ ኖሮ አንድ ስልክ ደውሎ የብዙ ቀን ገቢውን ያተርፍ ነበር። መረጃው ሳይጠፋ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት በእርሱ እጅ አልነበረም።

የዋጋው ልዩነት የሚመነጨው ከሕክምናው ጥራት ወይም ከወጪው ብቻ አይደለም። በብዛት የሚመነጨው ከመደራደር አቅም ነው። በአንድ አካባቢ ብዙ አልጋዎችንና ብዙ ክሊኒኮችን የያዘ ድርጅት ለመድን ድርጅቱ «ያለ እኔ ደንበኞችህን ማስተናገድ አትችልም» ማለት ይችላል። ግልጽነትን ከውድድር ለይቶ መወያየት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ውድድር በሌለበት ግልጽነት ምን ያመጣል?

ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ነገሩን ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ከሕክምና የራቀ ነው። በ1993 የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን በዝግጁ ኮንክሪት ገበያ ላይ ውድድርን ለማነቃቃት ብሎ ጥቂት አምራቾች ለደንበኞቻቸው በእውነት የሚያስከፍሉትን ዋጋ ማተም ጀመረ። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላ ዋጋ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ጨመረ። ሻጮቹ ጥቂት ስለነበሩ የታተመው ዝርዝር ለገዢዎች ሳይሆን ለሻጮች ጠቀመ፤ ርካሽ የሚሸጠው ጎረቤቱ ምን ያህል እንደሚያገኝ አይቶ ዋጋውን ወደ ላይ ሰቀለ።

ሁለተኛው ከኒው ሃምፕሻየር ነው። ግዛቱ በ2007 ነዋሪዎች በየመድናቸው የሚከፍሉትን ዋጋ በየሆስፒታሉ የሚያነጻጽሩበት ድረ ገጽ ከፈተ። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በድረ ገጹ ምክንያት የምስል ምርመራ ወጪ ለታካሚዎች በ5 ከመቶ፣ ለመድን ድርጅቶች በ4 ከመቶ ቀንሷል። ውሎ አድሮም አገልግሎት ሰጪዎቹ ራሳቸው ዋጋ ዝቅ ስላደረጉ ድረ ገጹን ያልከፈቱ ሰዎችም ተጠቀሙ።

የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው። በኒው ሃምፕሻየር ዋጋው የተነገረው ለከፋዩ ነው፤ የተነገረውም ሌላ መሄጃ ባለው አገልግሎት ላይ ነው። በዴንማርክ ግን ዋጋው በይበልጥ የተነገረው ለጥቂት ሻጮች ነበር። ሚኒሶታ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደምትቀርብ የሚወስነው የገበያዋ ቅርጽ ነው።

የመንትዮቹ ከተሞች ገበያ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሆስፒታል አገልግሎት በጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ነው። አሊና፣ ፌርቪው እና ሄልዝፓርትነርስ ዋናዎቹ ናቸው፤ ሄኔፒን ሄልዝኬር፣ ኖርዝ ሜሞሪያል እና የሕፃናቱ ሆስፒታል ቺልድረንስ ሚኒሶታም አሉ። ሄልዝፓርትነርስ የሕክምና ሰጪም የመድን ሻጭም ነው፤ በ2013 ከፓርክ ኒኮሌት ጋር ተዋሐደ። ሄልዝኢስት በ2017 ወደ ፌርቪው ገባ። ከ1853 ጀምሮ ሲያገለግል የኖረው፣ የግዛቱ የመጀመሪያ ሆስፒታል የሆነው የሴንት ፖሉ ሴንት ጆሴፍ በ2020 መጨረሻ የድንገተኛ ክፍሉን ዘጋ። ለመዘጋቱ የቀረበው ምክንያት የገንዘብ ኪሳራ ነበር። ምክንያቱ እውነት ቢሆንም፣ በመሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ትርጉሙ አንድ በር መቀነሱ ነው።

በኅዳር 2022 ፌርቪው መቀመጫውን በሳውዝ ዳኮታ ካደረገው ሳንፎርድ ሄልዝ ጋር ለመዋሐድ ማሰቡ ተነገረ። ውሕደቱ ቢፈጸም ከ50 በላይ ሆስፒታሎችን በአንድ አመራር ሥር ያስገባ ነበር። ዋና ዐቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰን ምርመራ ጀመሩ፤ ሕዝቡም ሐሳቡን በስብሰባዎች እንዲሰጥ አደረጉ። ነርሶች፣ ገበሬዎች፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎችና ተራ ታካሚዎች ተናገሩ። ሐምሌ 2023 ድርጅቶቹ ውሕደቱን ተዉት። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ገዥው ቲም ዋልዝ ፈርመውበት ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ዓመታዊ ገቢያቸው በድምሩ 80 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑ የጤና ድርጅቶች ከመዋሐዳቸው ቢያንስ 60 ቀናት አስቀድመው ለዋና ዐቃቤ ሕጉና ለጤና ኮሚሽነሩ ማሳወቅ አለባቸው፤ ዋና ዐቃቤ ሕጉም ውሕደቱ የሕዝብን ጥቅም የሚጎዳ ከሆነ ፍርድ ቤት ሄደው ሊያስቆሙት ይችላሉ።

ይህ ሕግ ከዋጋ ፋይሎቹ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ውሕደቱ ወጪ ይቀንሳል» የሚለውን ቃል የሚፈትሽ መረጃ በሕዝብ እጅ አልነበረም። ዛሬ አለ። ተዋሐጆቹ ድርጅቶች ለአንድ አገልግሎት ከየመድኑ ምን ያህል እንደሚቀበሉ በራሳቸው ፋይል ተጽፏል። ፋይሉ ለታክሲ አሽከርካሪው ባይነበብም ለዐቃቤ ሕግና ለምክር ቤት ረዳት ይነበባል።

ቅርብ ያለ ምሳሌ

ውድድርና ግልጽነት አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚመስሉ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሚኒሶታ መንግሥት ሠራተኞች ከ2002 ጀምሮ አድቫንቴጅ በሚባለው የጤና ዕቅድ ይጠቀማሉ። በዚህ ዕቅድ የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒኮች በአራት የወጪ እርከን ይመደባሉ፤ ምደባውም ታካሚዎቻቸው ምን ያህል የታመሙ እንደሆኑ ታይቶ፣ አጠቃላይ የሕክምና ወጪያቸው ተሰልቶ ነው። ሠራተኛው ዝቅተኛ እርከን ያለውን ክሊኒክ ከመረጠ ከኪሱ የሚወጣው ያንሳል፤ ከፍተኛውን ከመረጠ ይጨምራል። የክሊኒኮቹ ዝርዝር ምርጫ ከመደረጉ በፊት ይወጣል። ክሊኒኮችም ደንበኛ እንዳይሸሽባቸው ዋጋ ቀንሰው ወደ ዝቅተኛው እርከን ለመግባት ምክንያት አላቸው።

እዚህ ላይ የሚያስተውሉት ነገር አለ። ሠራተኛው ሺሕ ቁጥሮችን አላነበበም፤ ያነበበው ከአንድ እስከ አራት ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የደረሰው በምርጫው ሰዓት ነው። ከጀርባው ደግሞ ብዙ ሺሕ ቤተሰቦችን ወክሎ የሚደራደር ገዢ አለ። ብቻውን የሚጠይቅ ታካሚ የማይንደውን ግድግዳ በአንድነት የሚጠይቅ ገዢ ያነቃንቀዋል። ዕቁብና ዕድር ያሳደገው ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ዋጋ መጠየቅ የማይቻልበት ሰዓት

ሐቁ ሳይሸፈን መነገር አለበት፤ ልቡ የደከመ ሰው በአምቡላንስ ውስጥ ሆኖ ዋጋ አያነጻጽርም። ለዚህ ዓይነቱ ታካሚ የሚያስፈልገው የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ከለላ ነው። በዚህ ረገድ ሚኒሶታ ባዶ እጇን አይደለችም። በ2005 ከግዛቱ ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ከዋና ዐቃቤ ሕጉ ጋር ስምምነት ፈርመዋል፤ ዓመታዊ ገቢው ከ125,000 ዶላር በታች የሆነና መድን የሌለው ሰው ትልቁ የመድን ደንበኛቸው ከሚከፍለው በላይ እንዳይጠየቅ ተስማምተዋል። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የዕዳ ፍትሕ ሕጉ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ያልተከፈለ ሒሳብ ስላለ ብቻ አስፈላጊ ሕክምና መከልከል አይቻልም፤ የሕክምና ዕዳም ለክሬዲት ድርጅቶች አይነገርም።

እነዚህ ሕጎች ዕዳው ከመጣ በኋላ የሚደርሱ ናቸው። ተገቢ ናቸው፤ የዋጋ ግልጽነትን ግን አይተኩም። ቀጠሮ የሚያዝበት ምርመራ፣ የወሊድ ክትትል፣ የዐይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፣ የጉልበት ምስል የመሳሰሉት ሁሉ ዋጋቸው አስቀድሞ ሊነገር የሚችል ነው።

ቋንቋም የዋጋው አካል ነው

የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሎች በእንግሊዝኛ የማይግባቡ ታካሚዎችን በነፃ በአስተርጓሚ እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። አማርኛ በሚኒሶታ የጤና ማስታወቂያዎች ላይ በቋሚነት ከሚታዩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆኖም አስተርጓሚው የሚጠራው ሐኪሙ ዘንድ ሲገባ እንጂ ስለ ሒሳብ ሲወራ አይደለም። እናት ስለ ሕመሟ በአማርኛ ትናገራለች፤ ስለ ዕዳዋ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ያስተረጉምላታል። ልጅ የቤቱን ዕዳ ተሸክሞ ትምህርት ቤት እንዲሄድ የሚያደርግ አሠራር ግልጽ ሊባል አይችልም።

ለምክር ቤቱ የሚቀርቡ ሐሳቦች

አንደኛ፤ ቀጠሮ ለሚያዝባቸው የተለመዱ አገልግሎቶች የሆስፒታሉን፣ የሐኪሙንና ምስል አንባቢውን ክፍያ ያጠቃለለ አንድ ዋጋ፣ መድን ላለውም ለሌለውም፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጥ። ያልታሰበ የሕክምና ምክንያት ካልተፈጠረ በቀር ከዚያ በላይ አይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ የዋጋ ግልጽነት ደንቡን ያላከበረ ሆስፒታል ደንቡን በጣሰበት ጊዜ ለሰጠው አገልግሎት ታካሚን ወደ ዕዳ ሰብሳቢ እንዳይልክ ይከልከል። ኮሎራዶ በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ሩቅ ካለው የፌዴራል ቅጣት ይልቅ ይህ ለሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ቶሎ ይሰማል።

ሦስተኛ፤ የዋጋ ግምትና የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በህሞንግና በስፓኒሽ ይዘጋጅ፤ የሒሳብ ክፍሉም አስተርጓሚ የመጥራት ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ።

አራተኛ፤ በ2023ቱ ሕግ መሠረት ለሚቀርብ የውሕደት ማስታወቂያ የተዋሐጆቹ የድርድር ዋጋ ንጽጽር አብሮ ይያያዝ። ውሕደቱ ከጸደቀም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋጋው ተመልሶ ይመርመር፤ ቃል የተገባው ቅናሽ መድረሱ ይታይ።

አምስተኛ፤ የመንግሥት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የእርከን አሠራር ለከተሞች፣ ለካውንቲዎችና ለትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ይበልጥ ይስፋ።

ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች

ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየዕድሩ ስብሰባ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች ሊማሩ ይችላሉ። «ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው፣ በጽሑፍስ ይሰጠኛል?» «በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ስንት ይሆናል?» «ይህን ምርመራ ከሆስፒታል ውጭ የት ማግኘት እችላለሁ?» መልሱን የሰጠው ሰው ስምና ቀኑ ይመዝገብ፤ ለአስተርጓሚም ገንዘብ እንደማይከፈል ይነገር። አምስትና ስድስት ቤተሰቦች የሰበሰቡት መልስ አንድ ላይ ሲቀመጥ ለአንድ የምክር ቤት አባል የሚቀርብ ምስክርነት ይሆናል።

መርካቶ ውስጥ ዋጋ ሳይቆርጥ ዕቃ የሚያሸክም ሰው የለም። በሕክምና ዓለም ያንን ያህል ንግድ ይግባ የሚል ማንም የለም፤ በሽተኛ ሸማች ብቻ አይደለምና። ነገር ግን የጤናው ነገር የከበደ ስለሆነ ብቻ ዋጋው ይሰወር የሚል ክርክርም አይቆምም። ሕዝቡ ዋጋ የመለጠፍ ሕግ አግኝቷል። አሁን የሚቀረው ዋጋውን የማወቅና የመምረጥ መብት ነው፤ ይህም በሴንት ፖል ካፒቶል፣ በሚቀጥሉት የምክር ቤት ጉባኤዎች ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።